እቴጌ ጥሩወርቅ፦ ሕይወታቸው፣ ልጃቸውና ከእጃቸው የወጣው ንብረት

መቅደላ ሲባል አብዛኞቻችን ወዲያው የሚታወሱን አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ሽጉጣቸው ይታወሰናል፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ይታወሰናል፤ እጅ አልሰጥም ብለው መሞታቸው ይታወሰናል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያች ዕለት በአምባው ላይ አንዲት እቴጌና አንድ የሰባት ዓመት ልጅም ነበሩ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ ገና አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላ እቴጌይቱ ባላቸውን፣ ቤታቸውን፣ በመጨረሻም ሕይወታቸውን አጡ። ልጃቸው ባሕር ተሻገረ። ቀሚሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ ለንደን ውስጥ ይገኛል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምር ነን። ከመካነ ሰላም ተነስቶ በደሴ መንገድ አቃስታ የደረሰ፣ ከዚያም ወደ ተንታ የታጠፈ ሰው መቅደላ ሩቅ አገር አይሆንበትም፤ አምባው እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ ተንታ ወረዳ ነው። ስለዚህ የእቴጌ ጥሩወርቅን ታሪክ ከማንም በፊት ልናውቀው የሚገባ እኛ ነን። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን፣ ቤተሰባቸውንና ንብረታቸውን በየተራ እንመለከታለን። ስለ አንድ ዕቃ ስንናገር ሦስት ጥያቄ እንያዝ፦ የማን ነበር? ከባለቤቱ እጅ እንዴት ወጣ? ዛሬ የት ነው? አገር ውስጥ የተፈጸመውን በእኛ አቆጣጠር፣ ውጭ አገር የተፈጸመውን እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

1. እቴጌይቱ ማን ነበሩ?

እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በዘመነ መሳፍንት መጨረሻ ሰሜንንና ትግራይን የገዙ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። ንጉሠ ነገሥት ለመሆን አስበው ደረስጌ ላይ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ሰው ያስባል፣ እግዚአብሔር ይፈጽማል እንደሚባለው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ እዚያው ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሡ። ውቤ ታሰሩ፤ ለራሳቸው ዘውድ ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ካሣ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው «አፄ ቴዎድሮስ» ተባሉ።

የአፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ሚስት የራስ አሊ ልጅ እቴጌ ተዋበች ነበሩ። ንጉሡ በጣም ይወዷቸው እንደነበር ይተረካል። እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚህ በኋላ በ1852 ዓ.ም. ገደማ ንጉሡ ጥሩወርቅን አገቡ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጥሩወርቅ ያገቡት አባታቸውን ድል ነሥቶ ያሰረውን ሰው ነው። ለመመንኮስ ያስቡ ነበር፣ ጋብቻውንም የተቀበሉት በልመና ብዛት ነው የሚሉ አሉ።

ስለ ጠባያቸው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን ንጉሡ ሲገቡ እቴጌይቱ ዳዊት ይደግሙ ነበርና ቀና ሳይሉ ቀሩ። ለምን ተብለው ሲጠየቁ ከእርስዎ ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ስለሆነ ነው አሉ ይባላል። ታሪኩ ቃል በቃል ባይሆንም፣ የዘመኑ ሰው እቴጌይቱን የሚያውቃቸው በምን እንደነበረ ያሳያል፦ በጸሎት፣ በማንበብና በኩራት።

ትዳሩ ሰላም የሞላበት አልነበረም። ንጉሡ ኋላ ላይ ወይዘሮ የተመኙ የተባሉትን የየጁ ሴት አቀረቡ። ሆኖም በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ከእቴጌ ጥሩወርቅ አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ስሙም ዓለማየሁ ተባለ።

2. ሕይወት በመቅደላ አምባ

መቅደላ ምሽግም፣ ወኅኒም፣ ግምጃ ቤትም ነበር። ዙሪያው ገደል ስለሆነ ከውጭ ለሚመጣ ያስቸግራል፤ ከውስጥ ለሚያመልጥም እንደዚሁ። አፄ ቴዎድሮስ መሣሪያቸውን፣ ገንዘባቸውንና ልዩ ልዩ መጻሕፍትን እዚያ አከማቹ። ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት መጻሕፍት ብቻ ወደ 1000 ይጠጉ እንደነበር ይገመታል። እውነቱን ለመናገር፣ ከነዚህ ብዙዎቹ በፈቃድ የመጡ አይደሉም። ንጉሡ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል፤ የአብያተ ክርስቲያናቱ ንብረትም ወደ አምባው ተወስዷል። ሦስቱን ጥያቄዎች ለእንግሊዝ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ነገሥታት ማቅረብ አለብን።

በዚሁ አምባ ላይ እስረኛ ከነበሩት መካከል የሸዋው ምኒልክና የወሎዋ ገዥ የወይዘሮ ወርቂት ልጅ አመዴ ይገኙ ነበር። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ አምልጠው ወደ ወይዘሮ ወርቂት ዘንድ ደረሱ፤ ወይዘሮዋም አሳልፈው ወደ ሸዋ ሰደዷቸው። አፄ ቴዎድሮስ በዚህ ተቆጥተው አመዴን ከሌሎች የወሎ ታሳሪዎች ጋር ገድለው ከገደሉ አስጣሉ። ከእቴጌ ጥሩወርቅ በፊት በመቅደላ ልጇን ያጣች እናት ነበረች ማለት ነው። አንዷን አንስተን ሌላዋን ብንተው የአገራችንን ታሪክ ግማሹን ብቻ ተናገርን ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አብረን እንያዝ።

3. ከስቅለት እስከ ማዕዶት

የጦርነቱን መነሻ ሁላችንም ተምረነዋል። አፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልስ ሳይመጣ ቀረ። ንጉሡም የእንግሊዙን ቆንሲልና ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ከሕንድ ላከ። ወታደሩ 13000 ያህል ሲሆን፣ ተከታዩና ጓዝ ጫኙ ከዚያ በእጥፍ ይበልጣል፤ 44 ዝሆንም መጥቶ ነበር። ጦሩ ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በሽሎን ተሻገረ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነ። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት በቁስል ኋላ ያረፉ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። እሑድ ፋሲካ ነበር። ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን፣ በማዕዶት ዕለት፣ አምባው ተሰበረ፤ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ገደሉ። የሞቱበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀደም ሲል በስጦታ የላኩላቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ዘረፋው ተጀመረ። ወታደሩ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ሰበሰበ። የተሰበሰበውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ሚያዝያ 10 ቀን አምባው ተቃጠለ። በደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን ሐራጅ ተደርጎ ዕቃው ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮች ተከፋፈለ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የመጣ ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል ሰው ከጦሩ ጋር ነበርና ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዛ። ልብ በሉ፤ ሙዚየሙ ሰውዬውን ከጦሩ ጋር የላከው ገና ውጊያው ሳይደረግ ነው።

4. ጨለቆት

እቴጌ ጥሩወርቅ የሚፈልጉት ወደ አባታቸው አገር ወደ ሰሜን መመለስ ነበር። ነገር ግን የባላቸው ጠላቶች በአምባው ዙሪያ ሁሉ ነበሩ። ስለዚህ ከልጃቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን አቅጣጫ ጉዞ ጀመሩ። በሽተኛ ነበሩ፤ የሳንባ ሕመም ይዟቸው ነበር። ጉዞው ደግሞ ገደልና ወንዝ የበዛበት መንገድ ነው።

በግንቦት 1860 ዓ.ም. ትግራይ ሲደርሱ ሞቱ። የተቀበሩትም ራስ ወልደ ሥላሴ ባሠሩት በጨለቆት ሥላሴ ነው። ጨለቆት ከመቀሌ ሩቅ አይደለም። ከእኛ መካከል ስለ ጨለቆት ሥላሴ የሰማ ይኖር ይሆናል፤ የአንድ ንጉሠ ነገሥት ሚስት እዚያ እንዳረፉ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

5. ልጁ

ዓለማየሁ እናቱ ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር። እንግሊዞች ልጁን የወሰድነው በአባቱ ፈቃድ ነው ብለዋል። ጠባቂ የተደረገለት ካፒቴን ስፒዲ ሲሆን፣ ይህ ሰው አማርኛ የሚያውቅና በአገራችን ሰዎች ዘንድ «ባሻ ፈለቀ» የሚባል ነበር። ልጁ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በ1868 እ.ኤ.አ. ክረምት ኦስቦርን በተባለው ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር ተገናኘ። በዚያው ሰሞን ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ያነሳችው ፎቶ ዛሬም አለ። ፎቶውን ያየ ሰው የልጁን ዓይን ቶሎ አይረሳውም።

አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ አገር ቤት ቀርተው ነበር። ልጃቸው ሞታ፣ የልጅ ልጃቸው ባሕር ማዶ ተወስዶ፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ እያስጻፉ ስለ ልጁ ጠይቀዋል። አንዲት አሮጊት ከዚህ ተነስታ ለዓለም ኃያል ንግሥት የልጄ ልጅ እንዴት ነው ስትል መጠየቋ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዓለማየሁ ከስፒዲ ጋር ሕንድ ድረስ ሄዶ ነበር። ስፒዲን እንደ አባት ለምዶት ሳለ መንግሥት ለያያቸውና ልጁ ትምህርት ቤት ገባ። በመጀመሪያ ቼልተናም፣ ቀጥሎ ራግቢ፣ በመጨረሻም ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። በትምህርቱ አልገፋም፤ አገሩንም ይናፍቅ ነበር። በ1879 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር ሊድስ ከተማ ውስጥ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው 18 ነበር። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ሕይወቱ ደስታ የራቀው እንደነበረ መስክረዋል።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠየቁ። በ2023 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በአካባቢው ያረፉትን የሌሎች ሰዎች አጽም ሳይነካ ማውጣት ስለማይቻል አይሆንም ሲል አስታወቀ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ግን በስፒዲ ቤተሰብ እጅ ተጠብቆ የኖረ የዓለማየሁ ጠጉር ለኢትዮጵያ ተሰጠ። ከልዑሉ ከራሱ እስካሁን ወደ አገሩ የተመለሰው ይህ ጠጉር ነው።

6. ንብረታቸው

አሁን ወደ ዕቃዎቹ እንመለስ፤ ጥያቄዎቻችንንም እናንሳ።

ሀ. ቀሚሳቸው። ለንደን ባለው በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የእቴጌይቱ ነው ተብሎ የተመዘገበ ቀሚስ አለ። ከጥጥ የተሸመነ ሲሆን፣ በልዩ ልዩ ቀለም ሐር ተጠልፏል። ከእርሱ ጋር ጌጣጌጥም አለ። ወደ ሙዚየሙ የገባው በ1869 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያስረከበው የእንግሊዝ መንግሥት የሕንድ ጉዳይ ሚኒስትር ነው። ሕንድ ምን አገባት ቢሉ፣ ጦሩ የመጣው ከቦምቤ ስለነበረ ነው። ልብ የሚያስብል ነገር አለ፦ በሙዚየሙ መዝገብ ስማቸው «ወይዘሮ ጥሩነሽ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ሙዚየሙ የሚጠራው ደግሞ በንግሥት ቪክቶሪያና በባላቸው ስም ነው። የአንዷ ስም በበሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ የሌላዋ በመዝገብ ውስጥ፣ እኛ በማንጠራበት ስም።

ለ. የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ። እነዚህ የእቴጌ ጥሩወርቅ አይደሉም፤ ከእርሳቸው መቶ ዓመት ያህል ቀደም ብለው የተሠሩ ናቸው። ዘውዱን እቴጌ ምንትዋብና ልጃቸው አፄ ኢያሱ አሠርተው ለጎንደር ቁስቋም ሰጡት ተብሎ ይታመናል። ከጎንደር ወደ መቅደላ፣ ከመቅደላ ወደ ለንደን ሄደ። አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተወሰደ ማለት ነው።

ሐ. ታቦታት። በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉ። ለሕዝብ አይታዩም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ ገብተው አያዩአቸውም። ካልታዩና ካልተጠኑ ለምን ይቀመጣሉ የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው አንስቶታል።

ከተመለሱት መካከል ጥቂቶቹን እንጥቀስ። በ1872 እ.ኤ.አ. አፄ ዮሐንስ ጠይቀው አንድ ክብረ ነገሥት ተመልሷል። በ1965 እ.ኤ.አ. ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የአፄ ቴዎድሮስን ቆብና ማኅተም መልሰዋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ኤድንብራ ከሚገኝ ቤተ ክርስቲያን አንድ ታቦት መጥቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የአፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ተመልሷል።

ታዲያ የቀረው ለምን አይመለስም? ምክንያት ተብሎ የሚቀርበው ሕግ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም የ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ፣ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ደግሞ የ1983 እ.ኤ.አ. ሕግ አላቸው፤ ሁለቱም ሙዚየሞቹ ከስብስባቸው ዕቃ አውጥተው እንዳይሰጡ ይከለክላሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ሲታሰብ የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ዳይሬክተር ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት መስጠት ይቻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የኢትዮጵያ ወገን ግን የሚጠይቀው ውሰት ሳይሆን መመለስ ነው። የራስህን ላም ተውሰህ እለብ ብትባል ምን ትላለህ?

7. አንዲት የፈረንሳይ እቴጌ

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባን የዚያኑ ዘመን አንዲት የአውሮፓ እቴጌ እንውሰድ። የፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት የናፖሊዮን ሦስተኛ ሚስት እቴጌ ዩጄኒ ናቸው። በ1870 እ.ኤ.አ. ባላቸው በጦርነት ተሸንፈው ዙፋኑ ሲወድቅ ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። እንደ ጥሩወርቅ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። እርሱም በእንግሊዝ የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ በ1879 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዙሉላንድ ሄዶ እዚያ ተገደለ። ዓለማየሁ የሞተው በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ንጉሠ ነገሥታት፣ ሁለት እቴጌዎች፣ ሁለት ብቸኛ ልጆች፣ በአንድ ዓመት።

ልዩነቱ ከሞት በኋላ ነው። የዩጄኒ ልጅ አስከሬን ከአፍሪካ በመርከብ ተጭኖ ለእናቱ መጣላቸው። እናትየው በማግስቱ ዓመት ልጃቸው የወደቀበትን ቦታ ሄደው አዩ፤ ኋላም ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ከባላቸው ጋር አሳረፉት። እርሳቸውም በ1920 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ከጎናቸው ተቀበሩ። የጥሩወርቅ ልጅ ግን በዊንድሰር፣ እናቱ በጨለቆት ናቸው።

ስለ ንብረትም እንይ። የፈረንሳይ መንግሥት በ1887 እ.ኤ.አ. የዘውድ ጌጦችን በሐራጅ ሸጠ፤ የዩጄኒ ጌጦችም አብረው ተሸጡ። ከመቶ ዓመት በኋላ ፈረንሳዮች አንዳንዶቹን እየፈለጉ ለሉቭር ሙዚየም መልሰው ገዙ። ሻጩም ገዢውም የገዛ አገራቸው ነው። ከዚያስ? በ2025 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ሉቭር ገብተው በደቂቃዎች ውስጥ የዩጄኒን የራስ ጌጥ ሳይቀር ይዘው ወጡ፤ ዘውዳቸውንም ሲሸሹ ጥለውት ተጎዳ።

ይህን ያነሳነው በሰው ጉዳት ለመደሰት አይደለም። ለእኛ ዘወትር የሚነገረን ቢመለስላችሁ በደንብ ትጠብቁታላችሁ ወይ የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቅርስ ጠባቂ፣ ቤትና በጀት ይፈልጋል፤ በእኛም አገር ቅርስ ይሰረቃል። ነገር ግን ሌባ ሉቭርን ስለ ደፈረ የዩጄኒ ጌጥ ለሌላ አገር ይሰጥ ያለ ሰው የለም። ጥበቃ አንድ ጉዳይ ነው፤ ባለቤትነት ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቱን መቀላቀል አይገባም።

8. የእኛ ድርሻ

ዕቃውን ማስመለስ የመንግሥታትና የሙዚየሞች ሥራ ነው፤ እኛ እጩ መምህራን ከዚህ ሆነን ቀሚሱን አናመጣውም። በእጃችን ያለው ሌላ ነገር ነው። ነገ በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦና በተንታ የገጠር ትምህርት ቤቶች ስንመደብ የመቅደላን ትምህርት እንዴት እንደምናስተምር አሁን ማሰብ እንችላለን።

አንደኛ፣ የጦርነቱን ቀን ብቻ አስጽፈን አንለፍ። በአምባው ላይ የነበሩትን ሰዎች በስም እናስተምር፦ ጥሩወርቅ፣ ዓለማየሁ፣ ላቂያዬ፣ ወርቂት፣ አመዴ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎች ከቤታቸው አንድ የቆየ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ እናድርግ፤ አሮጌ ሞሰብም ይሁን የአያት መቀነት። ከዚያ ሦስቱን ጥያቄ ለዚያ ዕቃ ይመልሱ። ልጁ ስለ አያቱ መቀነት መመለስ ከቻለ፣ ስለ እቴጌይቱ ቀሚስ ሲነገረው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ መቅደላ ለመድረስ ቅርብ የሆኑ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን ወስደው ሴባስቶፖልን ያሳዩ። መድፉ ከባድ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ቀሚስ ግን ቀላል ነው፤ ማንም አጥፎ ይወስደዋል።

ስማቸውንም በትክክል እንጥራ። በለንደኑ መዝገብ ጥሩነሽ ተብለው ቢጻፉም በእኛ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ነው።